አባቴን ያስገረምንበት ቀን

በልጅነቴ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም ነበር። አባቴ «ራዲዮ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ጠዋት እኛ ቤት የተባለውን ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማዋል፤ አሰሚዋ ደግሞ እኔ ነኝ። እናቴ «የሰው ቤት ግድግዳ ጆሮ አለው፤ የኛ ቤት ግድግዳ ምላስም አለው» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እንዲህ ያለችውን ልጅ፣ ያን ቀን ጠዋት፣ አባቴ ለሥራ ከወጣ በኋላ እናቴ ፊቴ ተንበርክካ፣ ሁለት ጉንጮቼን በእጆቿ ይዛ፣ «አንድ ምስጢር ልነግርሽ ነው» ስትለኝ እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

«ለማን የማልነግረው?»

«ለማንም። በተለይ ለአባትሽ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዛሬ እኔና አክስትሽ መኪናዋን ልንጠግናት ነው። ልናስገርመው ነው።»

ወይ ደስታ! ቤቱን እየዘለልኩ ዞርኩት። አባቴን ማስገረም እንዴት ያለ ነገር ነው! አባቴ እኮ በምንም አይገረምም። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያላየው አገር፣ ያልፈታው ሞተር የለም። ምን ብታሳዩት «አውቀዋለሁ» ነው የሚለው። እና እሱ «አላውቅም ነበር» ሲል ላየው ነው።

መኪናዋ የእናቴ ናት፤ አባቷ ሲሞቱ የተዉላት። አሮጌ ብትሆንም መልከ መልካም ነበረች። ችግሯ አንድ ነው፤ ከገበያ አታልፍም። ከቤታችን እስከ ገበያው ድረስ እንደ ደህና መኪና ትሄድና፣ ልክ ገበያው መሃል ስትደርስ ትፈላለች። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ሲግተለተል ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ተላላኪው ሁሉ ይሰበሰባል። የአባቴ መሥሪያ ቤት የእህል መጋዘን ነው፤ ገበያው አጠገብ። አንድ ሰው ሮጦ ይጠራዋል። አባቴም ጀሪካን ውሃ ይዞ፣ እየተንጎማለለ ይመጣል።

«ሴትና መሪ!» ይላል ለተሰበሰበው ሰው። ሰው ይስቃል። ውሃውን ቀስ ብሎ፣ እያወራ፣ እየቀለደ ይጨምራል። ከዚያ መኪናዋን አዙሮልን ወደ ቤት ይሸኘናል። እኔ ያን ጊዜ በዓለም ላይ እንደ አባቴ ያለ ጀግና ያለ አይመስለኝም ነበር። እናቴ ጥርሷን ነክሳ፣ ፊቷን ወደ መሪው ደፍታ ስትቀመጥ፣ በመኪናዋ ያፈረች ነበር የሚመስለኝ።

ዛሬ ሳስበው ቆሽቴ ያርራል። የከባድ መኪና ሞተር ፈታትቶ የሚገጥም ሰው፣ ያቺን ትንሽ መኪና መጠገን አቅቶት አልነበረም። ሰው ሲጠይቀው «ቦታው እጅ አያስገባም፤ ሞተር መውረድ አለበት» ይል ነበር። እናቴ መካኒክ ጋ እንዳትወስዳት፣ በከተማው ያለ መካኒክ ሁሉ የሱ ወዳጅ ነው። በአውቶቡስ እንዳትሄድ፣ መናኸሪያው ያለ ሾፌር ሁሉ የሱ ጓደኛ ነው። መኪናዋ እስከ ገበያ እንድትሄድ ፈቅዶላታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እንድታልፍ አልፈለገም። ይህን ሁሉ ያኔ ማን ይንገረኝ!

አክስቴ ረፋዱ ላይ መጣች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለች፣ ከመዳፌ የማትበልጥ ነገር አወጣች። ዙሪያዋ ነሐስ፣ መሃሏ ጠምዛዛ ሽቦ።

«ይቺ ናት እንዲህ የምታደርገን?» አልኩ፤ ንቄያት።

«ቴርሞስታት ትባላለች» አለች አክስቴ። «የውሃው በር ናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ትዘጋለች፤ ሲሞቅ ትከፈትና ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ይቀዘቅዛል። የናንተዋ እንደተዘጋች ደርቃ ቀርታለች። በሩ ተቆልፎበት ውሃው እዚያው ይፈላል።»

እናቴ ግን ቀጥታ ልትገጥማት አልፈለገችም። ድስት ውሃ ምድጃ ላይ ጣደችና አዲሷን ቴርሞስታት በክር አንጠልጥላ ከተተቻት። ሦስታችንም ድስቱ ላይ አፈጠጥን። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር፣ ያቺ የነሐስ ክዳን ቀስ ብላ፣ እንደ እንቅልፋም ዓይን ተገለጠች። ጮህኩ።

«አዲስ ሁሉ ደህና አይደለም፤ ሳይፈትኑ አይገጥሙም» አለች እናቴ።

«ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» አለች አክስቴ።

«እሱ ነዋ። ስንት ጊዜ ነው 'ባትሪ ያዢልኝ' እያለ ያቆመኝ? እያወራ እኮ ነው የሚሠራው። መስሚያ ያላት ሴት ሳልሆን የመብራት ምሰሶ ነው የምመስለው።»

አክስቴ ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፏን ሸፈነች። ያን ቀን ሁለቱ ሳቃቸውን ሁሉ ሲቆርጡት ነበር። እኔ ለምስጢሩ ሲሉ ነው ብዬ የኔንም ቆረጥኩ።

ግቢያችን ከበሩ እስከ ቤቱ ረዘም ይላል፤ መኪናዋ በመሃል መንገድ ግድግዳው ጥግ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ትቆማለች። ኮፈኑን ከፈቱ። ቴርሞስታቷ ያለችበት ቦታ ዓይን የሚደርስበት አይደለም። ከሞተሩ ጀርባ፣ ከወፍራም ቧንቧ ሥር፣ ወደ ወንበሮቹ በኩል ባለው ግድግዳ ተጣብቃ ነው ያለችው። አክስቴ ክንዷን ልታስገባ ሞከረች፤ ክርኗ ላይ ቀረ።

«ይሄንን ክንድ ዳቦ ነው ያበላሸው» አለች።

እናቴ በግራ እጇ ገባች። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ጠንክሮ መያዝ አይችልም፤ ባለፈው ክረምት ከደረጃ ወድቃ ነው ተብዬ ነበር። ቤታችን ደረጃ እንደሌለው ያሰብኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

እየፈታች ታምጣለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትገባለች። ጉንጯ የመኪናዋ ጎን ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኗ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ በእጇ ብቻ ነበር የምትሠራው። ክንዷ በደምና በግራሶ ተለውሷል። አንደኛው ብሎን ወጣ። ሁለተኛው እምቢ አለ፤ አክስቴ ዘይት ጠብ አደረገችበት፤ ጠበቁ፤ ከዚያ ሲጥ ብሎ ተፈታ። ከውስጥ አረንጓዴ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት የራዲያተር ውሃ ተንዶልዱሎ ሳፋው ውስጥ ወረደ። አሮጌዋ ቴርሞስታት እንደተዘጋች ወጣች። እናቴ ለአፍታ መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻትና ግቢው ጥግ ወረወረቻት።

እስከዚያው የኔ ሥራ ልብስ ማመላለስ ነበር። የእናቴና የኔ ልብስ በአንሶላ ተቋጥሮ መኪናዋ ኋላ ይገባል። «ለምንድን ነው?» ስል አክስቴ፣ «ጭነት ትችል እንደሆነ ልንሞክራት ነው» አለችኝ። አመንኳት። እንዲያውም እንዲከብድ ብዬ የአባቴን ቡትስ ጫማ ልጨምር ስል እናቴ ከእጄ ቀማችኝ።

አዲሷን አስገብታ፣ ከላይዋ ክዳኑን ደፍታ፣ የመጀመሪያውን ብሎን በጣቷ ስታስጀምር የበሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። በመኪናው ቁልፍ ነው የሚያንኳኳው፤ ካ ካ ካ። አባቴ ነው።

ሳይመሽ መጥቶ አያውቅም። አክስቴ ከመኪናዋ ጀርባ ቁጭ አለች። እናቴ ግን መነቃነቅ አልቻለችም። እጇን ከለቀቀች ክዳኑ ይንሸራተታል፤ ከሥሩ ያለችው የጎማ ቀለበትም ሞተሩ ሆድ ውስጥ ወድቃ ትቀራለች። ሌላ ቀለበት አልነበራቸውም። ዞራ አየችኝ። እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ ምስጢራችን ሊበላሽ ስለሆነ ነው ብዬ አንጀቴን በላችው። አይዞሽ፣ እኔ አለሁ አልኩ በሆዴ፤ ወደ በሩም በረርኩ።

«ራዲዮ፣ ክፈቺ እንጂ!»

«አልከፍትም! መጀመሪያ ዓይንህን ጨፍን!»

«ምን ተገኘ?»

«ለአንተ ነው! ካየህ ይበላሻል! ጨፍን!»

 በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ አንገቱን ቀና አድርጎ የራዲያተሩን ውሃ ሽታ በአፍንጫው ሳበ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«እሺ፣ ጨፈንኩ» አለና ሁለት እጆቹን ዓይኖቹ ላይ ጫነ።

ከፈትኩለት። የሸሚዙን ጫፍ ይዤ እየጎተትኩ ግቢውን አቋረጥኩ። «እንዳታይ!» «አላይም።» «ማልልኝ!» «አንቺን ይንሳኝ።» ጥላው ጋ ስንደርስ እናቴን አየኋት። አንገቷን ሞተሩ ላይ ደፍታ፣ ትንፋሽ የላትም። አንዲት ንብ አፍንጫዋ ላይ አርፋ እንኳን እሽ አላለቻትም። ከሞተሩ ሥር ውሃው ሳፋው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

አባቴ ቆመ።

«ምንድን ነው የሚያንጠባጥበው?»

«ቧንቧው ነው!» አልኩ። ውሸቱ ከየት እንደመጣልኝ! እኔ እውነት መደበቅ የማልችለው ልጅ፣ ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ። ምን አስደፈረኝ? ደስታው ነዋ። እውነቱን ባውቅ ኖሮ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ምን ሊደርስ እንደሚችል ማሰብ ዛሬም አልወድም።

«አሃ፣ ቧንቧው» አለ አባቴ። ከእጆቹ ሥር ጥርሱ ይታየኛል።

ቤት አስገባሁት። የረሳውን የመንጃ ፈቃድ ከመሳቢያ አውጥቶ ኪሱ ከተተና፣ እንደገና ዓይኑን ሸፍኖ በዚያው መንገድ ወጣ። በሩ ጋ ስንደርስ እጁን ከፊቱ አወረደ። ወደ ግቢው ዞሮ አላየም። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ለእናትሽ ንገሪያት፤ ጀሪካኔን ሞልቼ ገበያው ጋ እጠብቃታለሁ» አለኝ። ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገና እያፏጨ ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እየሮጥኩ ሄጄ፣ ቃል ሳላጎድል፣ በደስታ ተናገርኩ። «አባዬም ይመጣል! ገበያው ጋ ይጠብቀናል!»

የእናቴ ፊት አመድ ሆነ። አክስቴ ከመኪናዋ ጀርባ ልትነሳ ስትል መልሳ ተቀመጠች።

«አውቋል! አለቀልን። እህቴ፣ ዝጊው በሞቴ። ሌላ ቀን—»

«ሌላ ቀን የለም፣ እትዬ። ሲመሽ ምን እንደሚጠብቀኝ አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ካወቀ ለምን እዚሁ አላስቆመንም?»

«ምን አስጨነቀው?» እናቴ ብሎኑን ማዞር ጀመረች፤ ድምፅዋ ደርቆ ነበር። «አትችልም ብሎ ነዋ። እንደለመደው ገበያው መሃል እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ሰው ሰብስቦ ሊስቅብኝ ነው። አሁን ቢያስቆመኝ ማን ያይለታል?»

«ሌላ መንገድስ?»

«ሌላው ወንዙ ላይ ያልቃል። በገበያው ነው፤ አለዚያ የትም አንሄድም።»

አክስቴ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ተነሳችና መፍቻውን አቀበለቻት። «የናቁት ያስረግዛል አሉ» አለች።

«ማን ነው ያረገዘው?» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉኝ ሁለቱም፤ አኮረፍኩ።

ሁለቱ ብሎኖች ጠበቁ። ቱቦው ታሰረ። አክስቴ ራዲያተሩን ውሃ ሞልታ ክዳኑን ልትገጥም ስትል እናቴ እጇን ያዘቻት።

«አየሩ ይውጣ።»

«ምን አየር? ኧረ እንሂድ! ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ቢመለስስ?»

«ውስጡ አየር ቀርቶ ከሆነ አዲስ ቴርሞስታት ምንም አያደርግልንም፤ ገበያው ጋ ሳንደርስ ነው የምንፈላው። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ይሥራ፤ አረፋው ሲያልቅ እንሞላለን። 'ችኩል ሞተር ያቃጥላል' ሲል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

ሞተሩን አስነሳች። ቆምን። ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋው ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል፤ ውሃው ሲጎድል እናቴ ትጨምራለች። አክስቴ በሩ ጋ ሄዳ በስንጥቁ መንገዱን ታያለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር ሁለቱም ይደርቃሉ። እኔ አባዬ ጥበቃው እንዳይሰለቸው ነበር የተጨነቅሁት። በመጨረሻ አረፋው ቆመ። እናቴ ክዳኑን አጠበቀች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ኮፈኑን ዘጋች። ቤቱን አልቆለፈችውም። «እማዬ፣ ቁልፉ!» ብላት «ተይው» አለችኝ።

መሪው ላይ እናቴ፣ አጠገቧ አክስቴ፣ ከኋላ እኔ ከልብስ ቋጠሮው ጋር።  ሦስታችንም የምናየው የሙቀት ጌጁን ነው። በጨመርነው ቀዝቃዛ ውሃ ቀስቱ መጀመሪያ ተኝቶ ነበር። ትምህርት ቤቱን ስናልፍ መነሳት ጀመረ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ግማሽ ደረሰ። ወደ ገበያው የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ስንወርድ ከግማሽ አለፈ።

«እየወጣ ነው» አለች አክስቴ።

«አየሁት።»

«እየወጣ ነው እኮ! ቁሚ፣ ሳያየን እንመለስ!»

«ይከፈታል» አለች እናቴ። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። «ሳይሞቅ አይከፈትም። ድስቱ ውስጥ አላየሽም? ይከፈታል።»

የገበያው የመጀመሪያ ድንኳኖች መጡ። ቀስቱ ቀዩን መስመር ሊነካ ትንሽ ቀረው። የሰው ጫጫታ፣ የሽንኩርት ሽታ፣ የጋሪ ጡሩምባ። እናቴ መሪውን ጨብጣ አንድ ነገር የምትለምን ይመስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልክ ሁልጊዜ የምንፈላበት የጨርቅ ተራው ጋ ስንደርስ፣ ቀስቱ ቆመ። ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ ታች ወረደና መሃል ላይ ተቀመጠ።

«ተከፈተ» አለች አክስቴ፤ ማልቀስ ጀመረች።

አባቴን አየሁት። የጨርቅ ተራው ማዶ፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ጓደኞቹን በግራና በቀኝ አሰልፎ ቆሟል። ጀሪካኑ እግሩ ሥር ነው። እያወራቸው ነበር፤ እነሱም እየሳቁ። ከባድ መኪናው መጋዘን ውስጥ እየተጫነ ስለነበር በእግሩ ነው የመጣው፤ መከተል የሚያስፈልገው መስሎ አልታየውማ። መጀመሪያ ኮፈኑን አየ። ከኮፈኑ ምንም አይወጣም። ከዚያ እናቴን አየ። እሷ ወደሱ አልዞረችም። እግሯም ከነዳጁ ላይ አልተነሳም።

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ግማሽ ገላዬን አወጣሁ።

«አባዬ! አባዬ! ገረመህ?»

አፉ ተከፍቶ ቀረ። ዓይኖቹ ፈጠጡ። አንድ እጁ፣ ሲያወራ እንዳነሳው፣ አየር ላይ ተሰቅሏል። ጓደኞቹ እሱን ያያሉ፣ መኪናዋን ያያሉ፤ ማንም አይስቅም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የተገረመ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

«ገረመው! እማዬ፣ ገረመው እኮ!» እየጮህኩ የእናቴን ትከሻ አወዛወዝኩ። «ለምን አንቆምም? ይሳፈር እንጂ!»

«ገረመው?» አለች እናቴ። ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

«በጣም!»

«ጎሽ ልጄ» አለችና ማርሽ ጨመረች።

ገበያው አለቀ። ከገበያው ወዲያ ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ባዶ ሜዳና ረጅም አስፋልት ነው። ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ፣ በኋላው መስታወት ወደሱ እያየሁ፣ ማታ ስንመለስ እንዴት እንደተገረመ ደጋግሞ እንዲነግረኝ እያሰብኩ፣ እስኪጠፋኝ ድረስ እጄን አወዛወዝኩለት።